ጋሼን ይዤ 30ውን የቤዝቦል ስታዲየም ስዞር የሠራኋቸው ስህተቶች

ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ እነዳለሁ። እስከ 2023 ድረስ ቤዝቦል ማለት ለእኔ ናሽናልስ ፓርክ በሚባለው ስታዲየም አካባቢ መንገድ የሚዘጋበት ምሽት ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ቀይ ማሊያ የለበሰ ሕዝብ ይፈሳል፣ አንዱን ጭኜ እሄዳለሁ፣ አለቀ። ዛሬ 30ውንም የሜጀር ሊግ፣ ማለትም የትልቁን የቤዝቦል ሊግ፣ ስታዲየም ገብቼ አይቻለሁ። 29ኙ አሜሪካ ውስጥ ናቸው፣ አንዱ ካናዳ። ሦስት ሰመር ፈጀብን። በመጀመሪያው ሰመር ግን ለጥቂት ነው የተረፍነው። ይህን የምጽፈውም በዋናነት ስለዚያች ሌሊት ብዬ ነው።

ቤዝቦሉን ያመጡብኝ ጋሼ ናቸው። ስማቸውን መጻፍ አያስፈልግም፣ እኔም የምጠራቸው ጋሼ ብዬ ነው። ከ30 ዓመት በላይ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛ የተማሩት ኤርፖርት ተራ ሲጠብቁ ከሬዲዮ ነው። ያኔ ዋሽንግተን የራሷ ቡድን አልነበራትም። የቀድሞው ከ1971 ሲዝን በኋላ ወደ ቴክሳስ ሄዷል፣ የአሁኑ ናሽናልስ ከሞንትሪያል የመጣው ደግሞ በ2005 ነው። ስለዚህ የጋሼ ሬዲዮ የሚያወራው ስለ ባልቲሞሩ ኦሪዮልስ ነበር።

"ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው" ይላሉ። "ኳሱ ተወረወረ ይላል፣ ዝም። መታው ይላል፣ ዝም። ቃሉን መዝገበ ቃላት ላይ ፈልገህ እስክታገኝ ይጠብቅሃል።"

ከሁሉ የሚያነሱት አንድ ምሽት አለ። ሴፕቴምበር 6 ቀን 1995። ካል ሪፕከን የሚባለው የኦሪዮልስ ተጫዋች አንድም ቀን ሳይቀር በተከታታይ 2,131ኛ ጨዋታውን ተጫውቶ የድሮውን ተጫዋች የሉ ጌሪግን ክብረ ወሰን የሰበረበት። ጭብጨባው 22 ደቂቃ ቆየ። ጋሼ ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ነበሩ። ተራቸው ደረሰ፣ እሳቸው ግን አልነቃነቅም አሉ። ከኋላ ጡሩምባው ቀለጠ። በአማርኛም ተሰደቡ። "ሰውዬው 13 ዓመት ሥራ አልቀረም እኮ" ይሉኛል። "እሱ ባለታክሲ ነው እንጂ ኳስ ተጫዋች አይደለም።"

እኚህ ሰው ታዲያ አንድም ስታዲየም ገብተው አያውቁም። ባልቲሞር ከቤታቸው የ40 ማይል መንገድ ነው። ግን ጨዋታ ያለበት ምሽት ገበያ ያለበት ምሽት ነው፤ ማን ሥራ ጥሎ ይገባል? ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤት መዋል ከበዳቸው። 2023 መጀመሪያ ላይ አንድ እሑድ ቡና ስንጠጣ "ሠላሳውንም ልያቸው" አሉኝ። ባልቲሞር የመጨረሻ እንዲሆን ፈለጉ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። እኔ የምለው ምን ነበር? "ጋሼ፣ ይሄማ ቀላል ነው። መሪ ይዘን አይደል የኖርነው?"

የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። ሾፌር መሆን ረጅም መንገድ መቻል ማለት አይደለም። እኛ የምናውቀው ከተማ ውስጥ 20 ደቂቃ መንዳትና 40 ደቂቃ መቆም ነው።

ካርታ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። 30ውን ከተማ በእስክሪብቶ አገናኘሁ። በ35 ቀን እንጨርሳለን አልኩ፣ ሁሉንም በመኪና። ቤዝቦልን የሚያውቅ ሰው ይሄን ቢያይ ይስቅብኝ ነበር። አንድ ቡድን በሲዝኑ 162 ጨዋታ አለው፣ ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ። ግማሹ፣ 81ዱ፣ በሜዳው ነው። ያውም ተበታትኖ አይደለም። ሳምንት ያህል ቤቱ ይጫወታል፣ ከዚያ ሳምንት ያህል ይጠፋል። መንገዳችሁን የሚወስነው ካርታው ሳይሆን የጨዋታ ፕሮግራሙ ነው። ፕሮግራሙ ላይ መጀመሪያ የትኞቹ ጎረቤት ቡድኖች በአንድ ሳምንት ቤታቸው እንደሚሆኑ ፈልጉ፣ ከዚያ ነው ካርታ የሚወጣው። ኒውዮርክና ቺካጎ ሁለት ሁለት ቡድን አላቸው፣ ግን አንዱ ሲመጣ ሌላው የሚሄድበት ጊዜ ይበዛል። ሁለቱም ያሉበትን ቀን ካልጠበቃችሁ ኒውዮርክ ሆቴል ውስጥ ገንዘባችሁ ይቀልጣል። የእኛው አራት ሌሊት ቀለጠ።

ጉዞው ገና ሳይጀመር እንኳ ተሳስተናል። ለመለማመጃ ናሽናልስ ፓርክ ይዣቸው ልሄድ "በ7 ሰዓት ነው፣ ጣቢያው ጋ እንገናኝ" አልኳቸው። የጋሼ ሰዓት ዛሬም በሐበሻ ነው የሚቆጥረው። እኔ በፈረንጅ 7 ማለቴ ነበር፣ ማለትም የኛ ምሽት 1። እሳቸው በቀትር መጥተው ኔቪ ያርድ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ስድስት ሰዓት ተቀመጡ። ስልክ አልደወሉም። "ሥራ ይዞት ነው ብዬ" አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰዓት ስነግራቸው "በእርስዎ አቆጣጠር" ብዬ እጀምራለሁ። እናንተም ከትልቅ ሰው ጋር ከሄዳችሁ እንዲሁ አድርጉ። በምዕራብ ከተሞች የሰዓት ልዩነቱም ስለሚጨመርበት ነገሩ የበለጠ ይወሳሰባል።

ጁን መጨረሻ ላይ ወጣን። ፊላዴልፊያ፣ ኒውዮርክ፣ ቦስተን። ቦስተን ያለው ፌንዌይ ፓርክ በ1912 የተከፈተ ነው፣ ከሁሉም በዕድሜ ትልቁ። መቀመጫው ጠባብ ነው፣ አንዳንዱ ከምሰሶ ጀርባ ነው፤ ትኬት ስትገዙ እይታው የተከለለ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዳለው እዩ። ከአረንጓዴዎቹ መቀመጫዎች መካከል አንዲት ቀይ አለች። በ1946 የቦስተኑ ተጫዋች ቴድ ዊልያምስ የመታው ኳስ 502 ጫማ ሄዶ አንድ ተመልካች ራስ ላይ ያረፈባት ናት ይባላል። ጋሼ ከታች ሆነው ቀና ብለው አዩአትና "ያ ተመልካች ምን አጠፋ?" አሉ።

ከቦስተን ወደ ቶሮንቶ ነበር ጉዞው። ድንበሩ ላይ ደረስን። ጋሼ ዜጋ ናቸው፣ ሰማያዊ ፓስፖርታቸውን አወጡ። እኔ ግሪን ካርዴን። መኮንኗ "ፓስፖርት?" አለችኝ። የኢትዮጵያ ፓስፖርቴ ሁለት ዓመት ሆኖታል ካለፈ። ግሪን ካርድ ይበቃል ብዬ ነበር። አይበቃም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለካናዳ ቪዛ አያስፈልገውም፣ ጊዜው ያላለፈ የአገሩ ፓስፖርት ግን ግድ ነው። በጨዋ ደንብ መለሱን። "ጋሼ፣ እርስዎ ይሂዱ፣ እኔ ቡፋሎ እጠብቃለሁ" ብላቸው "ማን ይነዳል?" አሉኝ። ይሄ ግን ሰበብ ነበር፣ ብቻዬን ሊጥሉኝ አልፈለጉም። ቶሮንቶ ቀረ። ፓስፖርታችሁን ዛሬውኑ አውጥታችሁ ቀኑን እዩት። ማሳደሱ ስንት ወር እንደሚፈጅ የደረሰበት ያውቃል።

ክሊቭላንድ ደግሞ አሳፋሪው ነው። ከስታዲየሙ በር ደረስን፤ ዝግ። መኪና ማቆሚያው ባዶ። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ሣር የሚያጠጣ ሰው ብቻ አለ። ቡድኑ ሌላ ከተማ ነው። እኔ ፕሮግራሙን አንብቤው ነበር፣ ግን ኢሜይል አድራሻ ላይ የምትገባውን ያቺን ክብ ምልክት አላስተዋልኳትም። ከተጋጣሚው ስም ፊት ካለች "እዚያ ሄደው ይጫወታሉ" ማለት ናት። አንዲት ምልክት ከቡፋሎ ክሊቭላንድ በከንቱ አስነዳችኝ። ጋሼ አጥሩን ይዘው ትንሽ አዩና "ሜዳው ደህና ነው" ብለው ተመለሱ።

ዲትሮይት ደህና አለፈ። ቺካጎ ላይ መኪናችንን ሆቴል ትተን በባቡር መሄዳችን በዚያ ጉዞ ከሠራናቸው ጥቂት ብልህ ነገሮች አንዱ ነው። ሁለቱም ስታዲየሞች አንድ መስመር ላይ ናቸው፣ ቀዩ ባቡር ላይ። ሰሜን ያለው ሪግሊ ፊልድ በ1914 የተሠራ ነው። የሚወርዱበት ጣቢያ አዲሰን ይባላል። ድምፅ ማጉያው "አዲሰን" ሲል ጋሼ ከእንቅልፋቸው ነቅተው "አዲስ ደረስን?" አሉ። ሪግሊ እስከ 1988 ድረስ የማታ መብራት አልነበረውም፣ ዛሬም የቀን ጨዋታ ይበዛበታል። ኮፍያ ያዙ። የቀን ጨዋታ ከሆነ ደግሞ በአብዛኛው ስታዲየም ጥላው ቀድሞ የሚመጣው በሦስተኛው ቤዝ በኩል ነው (መቺው ወደ ሜዳው ሲያይ በግራው ያለው ጎን)፣ ትኬት ስትገዙ ያንን ጎን ምረጡ።

ሚልዋኪን አይተን ሚኒያፖሊስ ደረስን። ጨዋታ አየን። በማግስቱ ፕሮግራሙን ስገልጥ ለአራት ቀን አንድም ቡድን የትም አይጫወትም። በየዓመቱ ጁላይ አጋማሽ ላይ የኮከቦች ጨዋታ እረፍት የሚባል አለ። የ35 ቀን ዕቅዴ ውስጥ አልነበረም። አራት ቀን ሆቴል ልንከፍል ስንል፣ ቤተ ክርስቲያን ያገኘናቸው ሰዎች ቤታቸው አስገቡን። እግዚአብሔር ይስጣቸው። እኔ ግን በውስጤ የባከኑት አራት ቀናት ያንገበግቡኝ ነበር። ማካካስ አለብኝ አልኩ። የዚያች ሌሊት ነገር የተጠነሰሰው እዚህ ጋ ነው።

እረፍቱ እንዳለቀ ካንሳስ ሲቲ ገባን። እዚያ የኒግሮ ሊግስ ቤዝቦል ሙዚየም አለ። ጥቁሮች ሜጀር ሊግ እንዳይጫወቱ በተከለከሉበት ዘመን የራሳቸውን ሊግ አቋቁመው የተጫወቱበትን ታሪክ የያዘ። በዘመናዊው ሜጀር ሊግ ያ አጥር የፈረሰው ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ጃኪ ሮቢንሰን ሜዳ ሲገባ ነው። ጋሼ ሙዚየሙን ማየት ፈልገው ነበር። "ጊዜ የለንም" አልኳቸው። የምሽቱን ጨዋታ አየን። የስታዲየሙ ፏፏቴዎች በማታ መብራት ያምራሉ። በማግስቱ ዴንቨር ጨዋታ አለ። 600 ማይል። "ሌሊቱን እንንዳ፣ ጠዋት ደርሰን እንተኛለን" አልኩ። ጋሼ ምንም አላሉም።

ኢንተርስቴት 70 ካንሳስን አቋርጦ የሚሄደው ቀጥ ብሎ ነው። መታጠፊያ የለም፣ መብራት የለም። ሄይስ የምትባለዋን ከተማ ካለፍን በኋላ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም ይሆናል። ጋሼ ተኝተዋል። ሬዲዮው ይንሾካሾካል። እኔ ንቁ የሆንኩ መስሎኛል። ከዚያ ድንገት መኪናው ከታች ጀምሮ ድርድርድር አለ። መንገዱ ዳር ላይ ያሉት ቦዮች ናቸው፣ የተኛን ሾፌር እንዲያነቁ የተቆፈሩት። ዓይኔን ስገልጥ ቀኝ ጎማዎቼ ከአስፋልቱ ሊወጡ ነው። መሪውን መለስኩ። የመጀመሪያው ማረፊያ ጋ ቆምኩ። እጄ መሪውን አልለቅ አለኝ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ" አልኩ። መልስ የለም። ያ ሁሉ ድርድርታ አላነቃቸውም። መብራት ሳበራ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ዓይናቸውን ገለጡ፣ ግን የሚያወሩት አይያያዝም፤ "ተራው የማን ነው?" ይሉኛል። ጋሼ ስኳር አለባቸው። ኢንሱሊን ይወጋሉ። ያን ምሽት እራት እንበላለን ብለው ተወግተው፣ እኔ "መንገድ ላይ እንበላለን" ብዬ አጣድፌ አስወጣኋቸው። ከዚያ ረሳሁት። ለካ እንቅልፍ ሳይሆን ስኳራቸው ወርዶ ነው ዝም ያሉት።

ማረፊያው ላይ የለስላሳ መሸጫ ማሽን ነበር። ስኳር ያለውን ለስላሳ አወጣሁና በጉንጭ በጉንጭ አጠጣኋቸው። 15 ደቂቃ ጠብቄ ለካሁ፤ አሁንም ዝቅተኛ ነው። ደገምኩ። ከዚያ ቦርሳችን ውስጥ የነበረውን ዳቦ ቆሎ በሉ። ቀስ በቀስ ተመለሱ። "የት ነን?" አሉ። "ካንሳስ" አልኳቸው። "ዴንቨርስ?" "ዴንቨር ቀረ፣ ጋሼ።" ሲነጋ ወደ ምሥራቅ ዞርን።

ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። ያ እንቅልፍ ባይጥለኝ ኖሮ አልቆምም ነበር። ባልቆም ደግሞ አጠገቤ ያሉትን ሰው ሳላይ ዴንቨር እደርስ ነበር። ይሄን ለልጃቸው እስካሁን በዝርዝር አልነገርኳትም።

ከዚያ በኋላ ሕግ አወጣን። ከማታ ጨዋታ በኋላ መኪና አይነሳም፣ ነጥብ። በቀን ከአምስት ሰዓት በላይ አይነዳም። መድኃኒት ለብቻው በትንሽ ቦርሳ፣ ከነማዘዣው፤ ለጥበቃዎቹ ስትነግሯቸው ፈትሸው ያስገባሉ። ኢንሱሊን መኪና ውስጥ አይቀርም፤ ሰመር ላይ የቆመ መኪና ምድጃ ነው። አብሮ የሚሄደው ሰው ደግሞ ስኳር ሲወርድ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ይወቅ። እኔ አላውቅም ነበር።

ሌላው፣ ርቀት ያለውን በአውሮፕላን ማድረግ ነው። መኪና ይረክሳል ብዬ ነበር የጀመርኩት። ቤንዚኑ፣ ሆቴሉ፣ መኪና ማቆሚያው ሲደመር ግን አልረከሰም። አንዳንድ ቦታ ማቆሚያው ከትኬታችን በልጧል። ትኬት በአብዛኛው ከላይኛው ፎቅ ነበር የምንይዘው፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ጨዋታው ሊጀመር ሲቃረብ። ሰዎች መልሰው የሚሸጡት ትኬት ብዙ ጊዜ ያኔ ይወርዳል። ትኬቱ ስልክ ላይ ነው፣ ክፍያውም በካርድ፤ ስለዚህ ስልካችሁ ባትሪ ካለቀበት በር ላይ ቀራችሁ።

በ2024 ኤፕሪል ላይ ፍሎሪዳ በርረን ማያሚንና ታምፓ ቤይን ጨረስን። በዚያው ዓመት ኦክቶበር አውሎ ነፋሱ ሚልተን የታምፓ ቤዩን የትሮፒካና ፊልድ ጣሪያ ቀዳደደው፣ ቡድኑም የ2025 ሲዝንን ሌላ ቦታ ተጫወተ። ለጥቂት ነው ያገኘነው።

ኦገስት ላይ ወደ ምዕራብ ሄድን፤ ሲያትል፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ኦክላንድ፣ ሎስ አንጀለስ፣ አናሃይም፣ ሳንዲያጎ፣ ፊኒክስ። ቀኑን ሳሰላ የረሳሁት ነገር ነበር፤ ጾመ ፍልሰታ ነው። ጋሼ የነፍስ አባታቸውን ጠይቀው ነበር። በመድኃኒቱ ምክንያት ሰዓት እንዳይጠብቁ፣ የጾም ምግብ ግን እንዲበሉ ነገሯቸው። ስታዲየም ውስጥ ያለው ደግሞ ሆት ዶግ፣ አይብ፣ አይስክሬም ነው። ለጾመኛ የሚሆነው ኦቾሎኒ፣ የሱፍ ፍሬና ድንች ጥብስ ነው። ደግነቱ ብዙዎቹ ስታዲየሞች ምግብ ከውጭ ይዞ መግባት ይፈቅዳሉ፣ በሚያሳይ ላስቲክ ከሆነ። ያልተከፈተ የውሃ ጠርሙስም እንዲሁ። የጀርባ ቦርሳ ግን ብዙ ቦታ አይገባም። ደንቡ ከስታዲየም ስታዲየም ስለሚለያይ ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጻቸውን እዩ። ሎስ አንጀለስ ላይ ፌርፋክስ መንገድ ካለው ሊትል ኢትዮጵያ በያይነቱ አስጠቅልለን ዶጀር ስታዲየም ገባን። ከዩኒየን ስቴሽን ትኬት ለያዘ ነጻ አውቶቡስ አለ፣ በመኪና አትሠቃዩ። አራተኛው ኢኒንግ ላይ (ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም ዘጠኝ ዙር፣ ነው) እንጀራውን ፈታን። ከፊታችን ያሉት ሰዎች ዞር ዞር ይሉ ጀመር። ጋሼ አንዷን ሴትዮ አጎረሷት። ሽሮ ፊቷ ላይ ቀረ፣ ግን ሁለተኛ ጠየቀች።

በሶ ግን አትያዙ። ማለቴ ያዙ፣ ግን ከነስያሜው። አንድ ስታዲየም በር ላይ ጥበቃው ከጋሼ ኪስ በላስቲክ የተቋጠረ ቡናማ ዱቄት አውጥቶ ለረጅም ጊዜ አየው። አለቃውን ጠራ። ጋሼ በእርጋታ ከፍተው በሶውን ቃም አደረጉ። አለቃው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሳን ፍራንሲስኮ በኦገስት ብርድ ነው። ጋሼ ጋቢ ይዘው ስለነበር በስታዲየሙ ውስጥ ሞቆት የተቀመጠ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ኦክላንድ ሌላ ነበር። ቡድኑ ከተማውን ሊለቅ የመጨረሻ ሲዝኑ ነው። መቀመጫው በአብዛኛው ባዶ ነበር። ቢራ የሚሸጥ ሽማግሌ አጠገባችን አረፍ ብሎ ስንት ዓመት እንደሠራ ለጋሼ ሲነግራቸው ቆየ። ሁለቱ ጨዋታውን አላዩም። በ2025 ቡድኑ ሳክራሜንቶ አጠገብ ወዳለ ትንሽ ስታዲየም ሄደ፣ ላስ ቬጋስ አዲሱ እስኪሠራለት። አዲሱን ስታዲየም ካላያችሁ 30ው አልሞላም የሚሉ አሉ። ጋሼ "ቤት ለተከራየ ሰው የቤት ምርቃት አይኬድም" ብለው ዘጉት።

2025 ላይ አሥር ቀሩን። እኔም ዛሬ ነገ ስል የቆየሁትን ዜግነት ወስጄ ፓስፖርት ይዣለሁ። መጀመሪያ ያደረግነው ወደ ካንሳስ ሲቲ መብረር ነው። ስታዲየሙን አይተነዋል፤ የሄድነው ለሙዚየሙ ነው። ግማሽ ቀን ዋልን። ጋሼ ጽሑፉን ሁሉ አነበቡ፣ ሁሉንም። ከዚያ መኪና ተከራይተን ያንኑ መንገድ ያዝን፣ በጠራራ ፀሐይ። ሄይስ ላይ አደርን። በማግስቱ ያ ማረፊያ ጋ ስንደርስ ጋሼ "ቁም" አሉ። ከማሽኑ ለስላሳ ገዙ፣ ስኳር የሌለውን። ሳይጠጡት ዴንቨር ድረስ ጭናቸው ላይ ይዘውት ሄዱ።

ዴንቨር ኩርስ ፊልድ ላይኛው ፎቅ ላይ አንድ ረድፍ ሐምራዊ ወንበር አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ልክ አንድ ማይል የሚሆንበት ቦታ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ ከሌላው ቦታ ርቆ ይሄዳል። ሰው ሁሉ ስለ ከፍታው ያወራል። ጋሼ የጃንሜዳ ልጅ ናቸው፣ ገናን በሩር ተጫውተው ያደጉ። "አዲስ አበባ ላይ ቢጫወቱት እኮ ኳሱ አይመለስም" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ እኛ ከዚያ በ700 ሜትር ያህል እንበልጣለን።

የቀሩትን በፍጥነት ልለፍ። ሴንት ሉዊስና ሂውስተን ይሞቃሉ። የሂውስተኑ ጣሪያ ስላለው ግድ የለም። አርሊንግተንና አትላንታ ላይ ባቡር ከስታዲየሙ በር አያደርሳችሁም፣ የታክሲ በጀት ያዙ። (ለራሴ ሙያ መናገሬ አይደለም።) ሲንሲናቲ፣ ክሊቭላንድ፤ በዚህኛው ጊዜ ምልክቷን ሦስቴ አይቻለሁ። ቶሮንቶ። ፒትስበርግን ግን አትቸኩሉበት። ጨዋታ ባለ ቀን የሮቤርቶ ክሌሜንቴ ድልድይ ለመኪና ተዘግቶ ሰው በእግሩ ይሻገራል፣ ከፊት ወንዙና ከተማው። ክሌሜንቴ በ1972 የመጨረሻ ቀን ኒካራጓ ውስጥ በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ ሰዎች እርዳታ ጭኖ ሲሄድ አውሮፕላኑ ወድቆ የሞተ ተጫዋች ነው። ጋሼ ሐውልቱ ጋ ኮፍያቸውን አወለቁ።

ባልቲሞር የሄድነው ሴፕቴምበር ላይ ነው። ስታዲየሙ ካምደን ያርድስ ይባላል። ከዲሲ አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ሳንጣደፍ የቀን ጨዋታ መረጥን። የሪፕከን ሐውልት ሜዳው ጀርባ አለ። ጋሼ አጠገቡ ቆመው ፎቶ ላንሳዎት ስላቸው እንቢ አሉ። ቦታችን ስንደርስ ከኪሳቸው ያቺን አሮጌ ትንሽ ሬዲዮ አወጡና ማዳመጫውን ጆሯቸው ውስጥ ከተቱ።

"ጋሼ፣ ፊት ለፊትዎ ነው እኮ" አልኳቸው።

"ካልሰማሁት አይገባኝም" አሉ።

ሬዲዮው ከሜዳው ትንሽ ይዘገያል። ሕዝቡ ተነስቶ ጮኾ ሊቀመጥ ሲል ነው ለጋሼ ወሬው የሚደርሳቸው። ሦስተኛው ኢኒንግ ላይ ሳያቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ደንግጬ እጃቸውን ያዝኩ፤ ስኳሩ መስሎኝ። አንድ ዓይናቸውን ገለጡና "ዝም በል፣ ሊወረውር ነው" አሉኝ።